ተቀበል ቢሉት የማይቀበል

ጎንደር ውስጥ «ሸክላ እሰበስባለሁ» የሚል ሰው አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ጀበናና ስለ ምጣድ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናትና በጠያቂው አይፈረድም። የእኔ ሸክላ ግን ቡና አይፈላበትም፤ እንጀራም አይጋገርበትም። ጥቁር፣ ክብ፣ መሐሉ የተበሳ፣ መርፌ ሲያርፍበት የሚዘፍን ሸክላ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ደግሞ ለረጅም ዘመን ንቄው ስለ ኖርሁት የሸክላ ዓይነት ነው፤ በከበሮ ማሽንና በሲንተሳይዘር ተሠርቶ ለጭፈራ ስለሚወጣው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሸክላ። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ንቀቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጆሮዬን ያሠለጠኑት ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ በአገራችን ለገበያ የቀረቡት ሸክላዎች ናቸው። አሥር በማይሞሉት በእነዚያ ዓመታት ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽና 30 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች ወጥተዋል። የዘመኑን በር የከፈተው አምሃ እሸቴ ነው። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ አምሃ ግን በ1969 ክልከላውን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀዳ፤ ሸክላውንም ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን ለሕዝብ አድርሷል። እነዚያን ሸክላዎች ስሰማ የምሰማው ሰዎችን ነው። የመለከት ነፊው ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ከበሮ መቺው በስሜት ተነድቶ ጥቂት ሲቀድም፣ ዘፋኙ ቃሉን ከመልቀቁ በፊት ሲያመነታ ይሰማኛል።

ከዚያም ያ ዘመን አለፈ። አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት ቆለፈው፤ ባንዶች በረንዳ ላይ እንደ ተተወ ዕቃ ተበታተኑ። ሸክላን ካሴት ተካው። አሥር ሆነው ይጫወቱት የነበረውንም ውሎ አድሮ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ብቻውን ይጫወተው ጀመር። እኔም እንደ ብዙ ሰብሳቢ ጥፋቱን ሁሉ በማሽኑ ላይ ጫንሁ። ሳስበው ግን ፍርዴ የተንሻፈፈ ነበር። መለከቱን ዝም ያሰኘው ኪቦርዱ አልነበረም፤ ኪቦርዱ የመጣው ቤቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ለቀስተኛውን ገዳይ ነው ብሎ እንደ መክሰስ ነበር።

ፍርዴን መጀመሪያ ያናጋው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ባሕር ዳር ከአንድ ካሴት መሸጫ የተገኘ ካሴት ነው። ኃይሉ መርጊያን አንባቢ ያውቀዋል። በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ይጫወት ነበር፤ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደና እዚያው ቀረ። በ1985 በዚያው በአሜሪካ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውን ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን እየደራረበ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ቀዳ። ካሴቱ ወደ አገር ቤት መጣ፤ ተሰማ፤ ቀስ በቀስም ተረሳ። ኃይሉም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ከሃያ ስምንት ዓመት ያህል በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያገኘውን ያንኑ ካሴት ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚው በኩል በ2013 በሸክላ አወጣው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ።

ያንን ሸክላ ገዝቼ ቤቴ ስሰማው ያፈርሁት በራሴ ነው። በማሽኑ ከበሮ ላይ የሚሄደው አኮርዲዮን ትዝታ ያለበት፣ ስደት ያለበት፣ ሰው ያለበት ነበር። አሥር ሰው የሚያስፈልገውን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራ ማሽኑ ጓደኛ ሆኖታል እንጂ ምትክ አልሆነውም። ከዚያ ወዲያ የናቅኋቸውን ሸክላዎች አንድ በአንድ መስማት ጀመርሁ፤ አንድ ያላሰብሁት ነገርም አገኘሁ። ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ተሰማ እሸቴ በ1908 ጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ ሲያስቀርጽ የያዘው መሰንቆውን ነበር። ይሁንና የዚያን ጊዜ ሸክላ አንዱ ገጽ የሚይዘው ከሦስት ደቂቃ እምብዛም የማያልፍ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ትንንሾቹ ሸክላዎችም ከአራትና ከአምስት ደቂቃ በላይ አይራመዱም። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ግን የአዝማሪ ጨዋታ በደቂቃ እንደማይለካ ያውቃል። መሰንቆው አንዲቷን ሐረግ እየመላለሰ ያዞራታል፤ ግጥሙ በላይዋ ይፈስሳል፤ እስክስታ ወራጁ ትከሻው እስኪፈታ ጊዜ ይፈልጋል። ሦስት ደቂቃ ለእንግዳው ሰላምታ እንኳ አትበቃም። እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሸክላ አዝማሪን ሲያስቀር አሳጥሮ ነው ያስቀረው። እኔ የምወድዳቸው የወርቃማው ዘመን ሸክላዎችም፣ ውበታቸው እንዳለ ሆኖ፣ ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደሉም።

የጭፈራ ሸክላ የተባለው ይህንን ገደብ ለማፍረስ የመጣ ነው። በ1976 ሳልሶል የተባለው የኒውዮርክ አሳታሚ አንድ ዘፈን ብቻ የያዘ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ለገበያ አቀረበ፤ ደብል ኤክስፖዠር የተባሉት ዘፋኞች ሥራ ሲሆን ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ገጹ ሰፊ በመሆኑ መርፌዋ የምትሄድባቸው መስመሮች ተራርቀው ይቀረጻሉ፤ ስለዚህ የከበሮውና የቤዙ ድምፅ ሳይታፈን ይወጣል። በ1980ዎቹ የቺካጎና የዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች ይህንን ቅርጽ ተቀበሉት። ሮላንድ በ1980 አውጥቶ በ1983 ማምረት ያቆመውን፣ አሮጌው በርካሽ ይገኝ የነበረውን ቲአር-808 የከበሮ ማሽን ይዘው አንዲትን ሐረግ ደግመው ደጋግመው ማዞር ያዙ። «አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል» እያልሁ የናቅሁት ይህንኑ ነበር። መሰንቆ ምን ያደርጋልና?

የአገራችን ልጆችም ይህን ሳይገነዘቡት አልቀሩም። በ2014 በዋሽንግተን ዲሲ የተቋቋመው 1432 አር የተባለ አነስተኛ አሳታሚ የሚካኤል ሰይፉን «ያራዳ ልጅ» በሸክላ አወጣ። በ2015 ደግሞ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ «ሌቱ ሲነጋ» የተባለውን ሥራውን አቀረበ። በ2016 የሚካኤል «ዘላለም» በኒውዮርክ አሳታሚ በኩል ተከተለ። ሙዚቃቸውን ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ብለው ጠሩት። አገሬው የሚያውቃቸውን ክራርንና መሰንቆን፣ ዋሽንትንና የሰው ድምፅን ከማሽን ጋር ያገናኙበት ነው። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የቺካጎው ከበሮ አራት እኩል ምት እየቆጠረ ይሄዳል፤ የእኛ ቺክቺካ ግን ስድስት እየቆጠረ በሦስት በሦስት ይከፈላል። ሁለቱን ማስታረቅ በሬና ፈረስ እንደ መጥመድ ነው። ከተሳካላቸው ቦታ ላይ ስደርስ ግን ትከሻዬ ሳላዝዘው ይነቃነቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥምቀት ሰሞን፣ መሰንቆ የሚሰማበትን አንዱን የዚህ ዘመን ሸክላ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከትንሿ ማጫወቻዬ ጋር ወደ አንድ የአዝማሪ ቤት ወሰድሁት። ገና ቀን ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ከአስተናጋጇና ከአንድ ሽማግሌ መሰንቆ መቺ በቀር ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ከጎንደር ወጣ ብላ ከምትገኘው የአዝማሪዎች መንደር ከቡርቧክስ ነበሩ። ሸክላውን አስቀምጬ መርፌዋን አሳረፍሁ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ወዲያው መሰንቷቸውን አንሥተው ጭራውን አጠበቁና ቃኙ፤ አልገጠመላቸውም። የማጫወቻዋን የፍጥነት ማንሻ ጥቂት ዝቅ ሳደርገው ሸክላው ወደ እርሳቸው ቅኝት ወረደ። ገጹ እስኪያልቅ አብረውት መቱ። አስተናጋጇ ብርጭቆ ማጠቧን ተወች።

«እህሳ ጋሼ፣ እንዴት አገኙት?» አልኋቸው።

«ልጁ መሰንቆ ያውቃል። ከበሮውም አይደክመው፤ ጥሩ ነው» አሉ። ቀጠሉና፣ «ግን ቅድም ሦስት ጊዜ ግጥም ወረወርሁለት፤ ዝም አለኝ። ተቀበል ቢሉት አይቀበልም» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ሸክላው እያዩ እንዲህ ሲሉ ዘፈኑበት፦

ሸክላ ነው ይሉኛል፣ የሚዘፍን ሸክላ፣
እኔ 'ማውቀው ሸክላ፣ ጠላ የሚሞላ።

ሳቅን። ሳቁ ሲያበቃ ግን የተናገሩት ነገር ውስጤ ቀረ። አዝማሪ ከእንግዳው የሚወረወርለትን ግጥም ተቀብሎ፣ አጣፍጦ፣ አንዳንዴም ወርውሮት ለመጣው ሰው መልሶ እየወረወረ ነው የሚኖረው። ጨዋታው ያለ መልስ ጨዋታ አይደለም። ሸክላ ደግሞ፣ የማሽንም ሆነ የባንድ፣ መልስ አይሰጥም። የወርቃማው ዘመን ሸክላዎቼም ቢሆኑ አንድም ቀን ተቀብለውኝ አያውቁም፤ እኔ ግን ይህን ጉድለት የማየው በማሽኑ ላይ ብቻ ነበር።

ሸክላውን ወደ ልባሱ ስመልስ ሽማግሌው እጄን እያዩ፣ «ይኸን ስንት ጊዜ አጫውተኸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

«ምነው?»

«እንዳያልቅ ብዬ ነው ጋሼ። መርፌው ይበላዋል።»

«እኔስ መሰንቆዬ እንዳያልቅ ብዬ ብሰቅለው ልጆቼ ምን ይበሉ ነበር?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ተቀበል ተብዬ መቀበል ያቃተኝ እኔ ነበርሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ስለ ጭፈራ ሸክላ የማውቀውን ሁሉ እንደገና አሰብሁት። ይህ ሸክላ እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ እንዲቆም የተሠራ አይደለም። መግቢያውና መውጫው ባዶ ከበሮ ብቻ የሚሆነው ሌላ ሸክላ እንዲቀጠልበት ነው። ቴክኒክስ በ1979 ባወጣው ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ማጫወቻ ላይ የፍጥነት ማንሻ ያኖረው፣ አጫዋቹ በሁለት ማጫወቻዎች መካከል ቆሞ የጨፋሪውን ፊት እያየ አንዱን እንዲያዘገይ፣ ሌላውን እንዲያፋጥን፣ የሞቀውን እንዲያስረዝም ነው። ሸክላው አይቀበልም፤ አጫዋቹ ግን ይቀበላል። ጨፋሪው በትከሻው «ተቀበል» ይላል፤ እርሱ በእጁ ይመልሳል። በዚያች የአዝማሪ ቤት ማንሻውን ዝቅ ባደረግሁባት ቅጽበት እኔም ሳላውቀው ይህንኑ አድርጌ ነበር። ሸክላውን ዲዳ ያደረገው ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ እንዳያልቅ ብሎ የሚቆልፍበት ሰብሳቢም አለበት።

ባሕር ዳር የተገኘውን ያንን ካሴት አስቡት። የደረሰልን ሰው ስለ ሸጠው፣ ስለ ገዛው፣ ስላጫወተው ነው እንጂ በጥጥ ተጠቅልሎ ስለ ተቀመጠ አይደለም። እኔ ኃይሉን በመርሳት ሌሎችን ስወቅስ፣ መደርደሪያዬ ላይ ስንቱን በጨለማ እንዳስቀመጥሁ አልቆጠርሁም ነበር።

አሁን ስለ ኤሌክትሮኒክ ሸክላ አስተያየቴን የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ክፉውም ደግውም እንዳለው እነግረዋለሁ። ቺክቺካውን አራት እኩል ቦታ ቆራርጦ ያበላሸውን አልወድድም፤ መሰንቆን እንደ ጨው ጣል አድርጎ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» የሚለውንም አልገዛም። ለአዝማሪው ሐረግ የሚገባትን ጊዜ የሰጣትን ግን አከብራለሁ፤ ይህን የምወድደው ዘመን ሸክላ እንኳ አላደረገላትም።

ሽማግሌውን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሸክላውን ይዤ ነው የሄድሁት። አሁን ጭረት አውጥቷል፤ በአንዱ ገጽ ላይ መርፌዋ ትንሽ ትንኳኳለች። እርሳቸው ያችን ማንኳኳት ጠብቀው ግጥም ይወረውሩባታል።