ነባር የግንባታ ጥበብን መነሻ ያደረገ የሆቴልና የሎጅ ማስፋፊያ በጌዴኦ ዞን

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ 45ኛ ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዲላ፣ በይርጋጨፌና በቡናዋ ስሟ በታወቀው ኢዲዶ ነባር ማረፊያቸውን ለማስፋፋት የሚያቅዱ ባለንብረቶች የዲዛይን ሥራ ከማስጀመራቸው አስቀድሞ የምዝገባውን ይዘት መረዳት ይኖርባቸዋል።

የተመዘገቡት እንደ ቱቱ ፈላ ያሉ የድንጋይ ትክሎች ብቻ አይደሉም። ከላይ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ዝቅ ብሎ ቡና የሚበቅልበት የጥምር ግብርና ሥርዓትና የተቀደሱ ደኖችም የቅርሱ አካል ናቸው። በመሆኑም ለአሥር ክፍሎች ሲባል ተዳፋትን መቁረጥና ጥላ ዛፍን ማንሳት እንግዳው ሊያየው የመጣውን ነገር ማጥፋት ነው። የእንሰት ማሳ መታጣትም በአነስተኛ ይዞታ ለሚተዳደር ቤተሰብ የምግብ ዋስትና ጉዳይ ነው።

በአካባቢው የሚታወቀው ነባር ቤት ክብና ሾጣጣ ጣሪያ ያለው ነው። ከዚህ መማር የሚገባው ቅርጹን ብቻ መቅዳት አይደለም፤ በኮንክሪት ሕንፃ ላይ የሣር ቆብ መድፋት የባህል ግንባታ ሊባል አይችልም። ነባሩ ቤት መጠኑ ትንሽ በመሆኑ በዛፎች መካከል ይገባል፤ ሰፊ መሬት መደልደልም አይጠይቅም። ማስፋፊያውም በአንድ ረጅም ሕንፃ ፋንታ በተነጣጠሉ ክፍሎች ቢሠራ፣ በተዳፋት ላይም በእንጨት ወይም በድንጋይ ምሰሶ ከፍ ቢል የዝናብ ውኃ ከሥሩ በነፃነት ያልፋል።

የሣር ክዳን ውኃ ሳያሳልፍ እንዲቆይ የጣሪያው ቁልቁለት ከ45 ዲግሪ ባያንስ ይመረጣል። ቀርከሃ ቢያንስ 3 ዓመት የሞላው ሆኖ በደረቅ ወቅት ሊቆረጥ ይገባል፤ መሬት ውስጥ ከተቀበረም ቶሎ ስለሚበሰብስ በድንጋይ መሠረት ላይ መቆም አለበት። የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ግርጌው በምስጥ እየተበላ በዓመታት ውስጥ ቁመቱ የሚያጥረው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ጭስ ነው። በነባር ቤት የምድጃው ጭስ ክዳኑንና እንጨቱን ከነፍሳት ይጠብቃል፤ እሳት በማይነድበት የእንግዳ ክፍል ይህ ጥበቃ ስለሚቀር ቀርከሃው አስቀድሞ በቦራክስ ውሑድ መታከም ይኖርበታል። የሣር ክዳን በቀላሉ ስለሚቀጣጠልም በክፍሎች መካከል በቂ ርቀት መተውና ማብሰያውን መነጠል የግድ ነው።

በይርጋለም የሚገኘው አረጋሽ ሎጅ የሲዳማን ቤት አሠራር ተከትሎ በቀርከሃ የተሠራ በመሆኑ ለጌዴኦ አልሚዎች በቅርብ ርቀት ያለ ማሳያ ነው። የኮንሶ የድንጋይ እርከን ደግሞ ተዳፋትን በጠንካራ ግድግዳ እንዴት መያዝ እንደሚቻል ያስተምራል።

በአሠራር ረገድ አመልካቹ በቅድሚያ ቦታው በቅርሱ ክልል ወይም በመከለያ ቀጠናው ውስጥ መሆን አለመሆኑን ከዞኑ የባህልና ቱሪዝም መዋቅር ሊያረጋግጥ ይገባል። በክልሉ ውስጥ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥበቃው አካል አስተያየት ያስፈልጋል፤ ከፍ ያለ ግንባታ ሲሆንም ጉዳዩ በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በኩል ለዓለም ቅርስ ማዕከል የሚገለጽበት አሠራር አለ። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተደነገገው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚመለከተው ከሆነ ሰነዱ ከግንባታ ፈቃዱ በፊት ይቀርባል። የእያንዳንዱን ነባር ዛፍ ሥፍራ፣ የፍሳሽ ማስወገጃውንና የውኃ መገኛውን የሚያሳይ የቦታ ንድፍ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ መመላለስን ይቀንሳል። በተለይ የፍሳሹ ጉዳይ ጥንቃቄ ይሻል፤ በቡና አጠባ ወቅት ጅረቶች ተጨማሪ ጫና ስላለባቸው የሎጅ ፍሳሽ በምንም ሁኔታ ወደ ጅረት ሊለቀቅ አይገባም።