ከቅናሽ ክልከላ እስከ ዋጋ ወለል፤ የስኮትላንድ የመጠጥ ሕግ አጭር ታሪክ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ ሕግ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ መሐንዲስን የመጠጥ ዋጋ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ በግንባታ ሥፍራ የሠራ ባልደረባ ሁሉ፣ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት በስም ጥሪ ላይ የሚጎድለውን ሰው ብዛት ያውቃል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ከፍ ካለ መወጣጫ ላይ የሚቆመውንም አይቷል። ከዚህም ሌላ ነገሩ የልክና የመለኪያ ጉዳይ ስለሆነ ከሙያችን እምብዛም የራቀ አይደለም። ጥያቄው ይህ ነው፤ መጠጥን በቅናሽ መሸጥ ቢከለከል፣ መጠጥ የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳልን? ስኮትላንድ ይህን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ በሕግ የፈተነች አገር ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕዝቧ 5 ሚሊዮን ገደማ በሆነው በዚያች አገር፣ በ2006 ብቻ ከ1,400 የሚበልጡ ሰዎች ከመጠጥ በቀጥታ በመነጨ በሽታ ሞተዋል፤ ከእነዚህም አብዛኛዎቹን የገደላቸው የጉበት በሽታ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ያነጣጠረው በመጠጥ ቤቶች ላይ ነበር። በ2005 የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 2009 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፈቃድ ሕግ፣ በአንድ ዋጋ ያለገደብ ማስጠጣትን ከለከለ፤ ከዚህም በላይ አንድ ጊዜ የተለወጠ ዋጋ 72 ሰዓት ሳይሞላው እንደገና እንዳይለወጥ አዘዘ። በዚህ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ከሥራ መውጫ እስከ ምሽት ድረስ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት የሚታወጀው ርካሽ መጠጥ እንዲቀር ሆነ። የሕጉ አርቃቂዎች ብልኃት የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ጠጪው በዚያን ጊዜ ከመጠጥ ቤት ወጥቶ ቤቱ ገብቶ ነበር። በአገሪቱ ከሚሸጠው አልኮል ከግማሽ የሚበልጠው የሚገዛው ከሱፐርማርኬትና ከሱቅ ነበርና።

ስለዚህ ሁለተኛው ሕግ ወደ ሱቆች ዞረ። ከጥቅምት 1 ቀን 2011 ጀምሮ የብዙ ጠርሙሶች ዋጋ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢሸጡ ከሚያወጡት ድምር እንዳያንስ ተደነገገ። ሦስት ጠርሙስ ለገዛ ቅናሽ የሚለው ማስታወቂያ ከመደርደሪያዎቹ ላይ ወረደ። ነጋዴው ግን መላ አላጣም፤ ሦስቱን በ10 ፓውንድ መሸጥ ቢከለከል አንዱን በ3 ፓውንድ ከ33 ፔንስ መሸጥ የሚከለክለው አልነበረም። የሽያጭ መዝገብ የመረመሩ አጥኚዎች፣ የሱቅ ሽያጭ ወደ 2.6 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ፣ ቅነሳውም ይበልጡን በወይን ጠጅ ላይ እንደ ታየ ገለጹ። የቤተሰቦችን ግዢ የተከታተሉ ሌሎች ደግሞ፣ ሸማቹ በአንድ ጊዜ የሚገዛውን አሳንሶ የሚገዛበትን ጊዜ እንዳደጋገመ፣ የጠቅላላው ግዢ መጠን ግን እንዳልተለወጠ አገኙ። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ አይደሉም። ሁለቱም የሚያሳዩት፣ የቅናሹ ዘዴ ተከልክሎ ዋጋው ልቅ ከሆነ ውጤቱ ትንሽ መሆኑን ነው።

ሦስተኛው እርምጃ በቀጥታ ወደ ዋጋው መጣ። ምክር ቤቱ በ2012 ባጸደቀው ሕግ፣ አሥር ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ደነገገ። የዊስኪ አምራቾች ማኅበር ሕጉን በፍርድ ቤት ተቃወመ፤ ክርክሩም በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት አልፎ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 በብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሕጉ ተወሰነ። ከግንቦት 1 ቀን 2018 ጀምሮ ወለሉ 50 ፔንስ ሆነ። ስሌቱ ቀላል ነው። 7.5 በመቶ አልኮል ያለበት ባለ 3 ሊትር የፖም መጠጥ 22.5 መለኪያ ይይዛል፤ ስለሆነም ከ11 ፓውንድ ከ25 ፔንስ በታች ሊሸጥ አይችልም። ቀድሞ ከዚህ ዋጋ ከግማሽ በታች ይሸጥ ነበር። 40 በመቶ የሆነ ባለ 70 ሳንቲ ሊትር ዊስኪ ግን ወለሉ 14 ፓውንድ በመሆኑ፣ ውድ ዊስኪ ለለመደ ሰው ሕጉ መውጣቱም አይታወቀውም። (ይህ ሁሉ የሚሠራው ኃይሉ በጠርሙሱ ላይ ለተጻፈ መጠጥ ነው፤ ጠላና አረቄ በየቤቱ በሚወጣበት አገር የትኛው መለኪያ እንደሚያገለግል አንባቢ ይፍረድ።)

በ2023 የወጣው ጥናት፣ እስከ 2020 መጨረሻ በነበረው ጊዜ በቀጥታ ከመጠጥ የሚመጣ ሞት 13.4 በመቶ እንደ ቀነሰ ገመተ፤ ይህም በዓመት 156 ያህል ነፍስ ነው፤ ቅነሳውም በይበልጥ የታየው በድሃ ሠፈሮች ነው። ተቃዋሚዎች ግን የሞት መዝገቡን አቀረቡ፤ በ2019 የሟቾቹ ቁጥር 1,020 ሲሆን በ2023 1,277 ደርሷልና፣ ሕጉ ማንን አዳነ? አሉ። መልሱ ያለው በንጽጽሩ ላይ ነው። የጎርፍ መከላከያ ግድብ የሚመዘነው ውሃው በመድረሱ ሳይሆን፣ ግድቡ ባይኖር ኖሮ ይደርስበት በነበረው ከፍታ ነው። አጥኚዎቹም ስኮትላንድን ያነጻጸሩት፣ ያው የኮሮና ወረርሽኝ ከደረሰባትና ይህ ሕግ ከሌላት ከእንግሊዝ ጋር ነው። ስለ ሞቱ የቀረበውን ማስረጃ እቀበላለሁ። ሆስፒታል የገቡት በ4.1 በመቶ ቀነሱ የሚለው ግን ከአጋጣሚ ወሰን ያልወጣ በመሆኑ እምብዛም አልተማመንበትም።

ሕጉ ያልደረሰላቸውም አሉ። ሱስ የጠናባቸው ሰዎች መጠጣቸውን መቀነሳቸው በግልጽ አልታየም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ከምግባቸው ቀንሰው ገዝተዋል። የዋጋው ጭማሪም ግብር ስላልሆነ፣ ለሕክምናቸው ሊውል ይችል የነበረው ገንዘብ በነጋዴው ኪስ ገብቷል። ይህ የሕጉ ትልቁ ጉድለት ይመስለኛል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የማረከኝ ሕጉ በራሱ ላይ ያኖረው ቀጠሮ ነው። ምክር ቤቱ ማስረጃውን አይቶ ካላደሰው በቀር፣ ሕጉ በሥራ ላይ በዋለ በስድስት ዓመቱ ራሱ ይሻር ነበር። ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2024 ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቶ ሕጉ እንዲቀጥል፣ ወለሉም 65 ፔንስ እንዲሆን ወሰነ። ከመስከረም 30 ቀን 2024 ጀምሮ የዚያ ባለ 3 ሊትር የፖም መጠጥ ዝቅተኛ ዋጋ 14 ፓውንድ ከ63 ፔንስ ነው።