የእንቅልፍ ማጣት መድኃኒትና የሂፕኖቲዝም ታሪክ

እንቅልፍ በጌታና በሎሌ፣ በሀብታምና በድኻ መካከል ልዩነት ሳይደረግ ለሰው ልጅ ሁሉ በየሌሊቱ የሚታደል ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ጸጋ ተካፋይ ለመሆን ያልቻለ ሰው በየትኛውም ዘመን አልታጣም። ግዛቱ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ ይደርስ የነበረው ንጉሥ አርጤክስስ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎት የታሪክ መጽሐፍ እንዲነበብለት ማዘዙን በመጽሐፈ አስቴር እናነባለን። ያን ያህል አገር የሚገዛ ንጉሥ የገዛ ራሱን እንቅልፍ ለማዘዝ ግን ሥልጣን አልነበረውም።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም እንቅልፍ የራቀው ሰው በዕፀዋትም፣ በሰው ቃልም፣ በቤተ ሙከራ በተቀመመ መድኃኒትም እንቅልፉን ሲፈልግ እንዴት እንደ ደከመና በመጨረሻ ምን እንደ ተማረ ነው። ነገሩ ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚነበብ ታሪክ አይደለም። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ መምህር በማግሥቱ በተማሪዎቹ ፊት ምን ኀይል ይኖረዋል? ዐይኑን ሳይከድን ያነጋ ሹም የባለጉዳይን አቤቱታ በምን ትዕግሥት ያዳምጣል? ለፈተና ሲል እንቅልፉን የሠዋ ተማሪስ ያጠናውን በምን ያስታውሳል? እንግዲህ የታሪኩን ዱካ እንከተል። ዘመናቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጥንት ግሪኮች እንቅልፍን ሂፕኖስ ብለው ይጠሩት ነበር፤ እርሱም የሌሊት ልጅ፣ የሞትም መንትያ ወንድም እንደ ሆነ ይተርኩ ነበር። ኤጲዳውሮስ በተባለው ስፍራ ለአስክሊፒዮስ በተሠራው መቅደስ ሕመምተኞች እያደሩ በሕልማቸው ፈውስ ይጠብቁ ነበር። ከዚህም ጎን ለጎን የዕፀዋት ዕውቀት እየሰፋ ሄደ። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ዲዮስቆሪዶስ ስለ መድኃኒት ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ፤ እንቅልፍ ላጡ ሰዎች ማንድራጎራ የተባለው ተክል ሥር በወይን ጠጅ ተቀቅሎ እንደሚሰጥ አመልክቷል። የሮማ ነገሥታት ሐኪም የነበረው ጋሌኖስ ደግሞ በስተርጅናው እንቅልፍ ሲያስቸግረው ማታ ማታ ሰላጣ ይበላ እንደ ነበር ራሱ ጽፎልናል።

ከዚህ ሁሉ የበረታው ግን ከፖፒ ተክል የሚገኘው ኦፕየም ነበር። ኦፕየም ጥቂት ሲወሰድ ሕመምን ያስታግሣል፣ ያስተኛልም፤ ሲበዛ ትንፋሽን ያቆማል፤ ሲለመድም ሰውን ባሪያው ያደርጋል። ግሪኮች እንቅልፍንና ሞትን መንትዮች ማለታቸው በዚህ ተክል ላይ በግልጽ ታየ። ከዚህም አንድ ነገር እንማራለን፤ መድኃኒቱ ከዕፅ ስለ ተገኘ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም።

በ18ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ወደ ሌላ መንገድ ዞረ። በ1734 የተወለደውና በቪየና ሕክምናን የተማረው ፍራንስ አንቶን ሜስመር፤ ዓለምን ሁሉ የመላ፣ በዐይን የማይታይ ረቂቅ ፈሳሽ አለ፤ ሰው የሚታመመው ይህ ፈሳሽ በሰውነቱ ውስጥ መንገዱ ሲዘጋበት ነው ብሎ አስተማረ። ኀይሉንም የእንስሳ መግነጢስ ብሎ ሰየመው። በ1778 ወደ ፓሪስ ሄዶ ሕመምተኞችን የብረት ዘንጎች በተሰኩበት ትልቅ የእንጨት ገንዳ ዙሪያ እያስቀመጠ ያክም ጀመር። ከሕመምተኞቹ አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱ ይጮኻል፣ አንዳንዱም እንደ ተኛ ሰው ይፈዛል። ብዙዎቹም ተፈወስን እያሉ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በ1784 ነገሩ እንዲመረመር አዘዘ። ከመርማሪዎቹ መካከል በዚያን ጊዜ በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮአዚዬ ይገኙ ነበር። ሜስመር ራሱ ለምርመራው ባይተባበርም፤ ደቀ መዝሙሩ ዴሎን ግን ፈቃደኛ ሆነ። በፍራንክሊን የአትክልት ስፍራ ዴሎን አንዱን ዛፍ መግነጢስ አሳደረበት፤ ከዚያም አንድ የ12 ዓመት ልጅ ዐይኑ ተሸፍኖ ወደ ሌሎች ዛፎች እየተመራ እንዲያቅፋቸው ተደረገ። ልጁ መግነጢስ አለበት ከተባለው ዛፍ ጋር ሳይገናኝ ራሱን ስቶ ወደቀ። መርማሪዎቹም ፈሳሹ የለም፤ ሥራውን የሠራው የሰውየው ሐሳብ ነው ብለው ፈረዱ።

ፍርዱ ትክክለኛ ነበር፤ ዳሩ ግን በውስጡ አንድ ትልቅ ጥያቄ ተሸፍኖ ቀረ። ሐሳብ ብቻውን ጤነኛን ልጅ የሚጥል ከሆነ፤ የታመመውን ሊያነሣውስ አይችልም ወይ? ዴሎን ራሱ በሐሳብ የሚደረግ ሕክምና የሚረዳ ከሆነ ለምን አንሠራበትም ብሎ ጠይቆ ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት ግን ሐሰተኛውን ምክንያት ሲጥሉ እውነተኛውንም ውጤት አብረው ጣሉት።

በዚያው በ1784 ማርኪ ደ ፑይሴጉር የተባለው መኰንን በቡዛንሲ ርስቱ ላይ ቪክቶር ራስ የተባለውን ባላገር በሜስመር ዘዴ ሲያክመው፤ ሰውየው እንደ ሌሎቹ በመንቀጥቀጥ ፈንታ በጸጥታ እንቅልፍ በመሰለ ሁኔታ ውስጥ ገባ፤ በዚያም ሆኖ ይናገርና ይታዘዝ ነበር። ከዚያም በኋላ በህንድ አገር በጎአ የተወለዱት ካህን አባ ፋሪያ በ1813 በፓሪስ ለሕዝብ እያሳዩ፤ ኀይሉ ከአድራጊው ዘንድ ሳይሆን ከተደራጊው ልቡና ዘንድ እንደሚገኝ አስተማሩ። አባ ፋሪያ ምንም ገንዳና ዘንግ አላስፈለጋቸውም፤ ሰውየውን ካረጋጉት በኋላ «ተኛ» ይሉት ነበር።

ነገሩን ወደ ሳይንስ ጎዳና ያገባው ግን በማንችስተር ከተማ የነበረው የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪም ጄምስ ብሬድ ነው። ብሬድ በኅዳር 1841 የአንድ መግነጢስ አድራጊ ትርዒት ለማየት የሄደው ማታለሉን ለማጋለጥ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን የሕመምተኛው የዐይን ቆብ በእውነት ሊከፈት እንዳልቻለ ባየ ጊዜ ምክንያቱን ይፈልግ ጀመር። ሰው ከዐይኑ ከፍ ብሎ የተያዘ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ትኩር ብሎ ሲመለከት ዐይኑ እንደሚደክምና ልቡናውም በአንድ ሐሳብ ላይ እንደሚሰበሰብ ተረዳ። በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ከግሪኩ ሂፕኖስ ስም አውጥቶ ሂፕኖቲዝም አለው። ኋላም ሁኔታው እንቅልፍ አለመሆኑን ስለ ተገነዘበ በ1847 ስሙን ሊለውጠው ፈለገ፤ የመጀመሪያው ስም ግን በሰው አፍ ገብቶ ነበርና ሊነቀል አልቻለም።

በአገራችን ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ምናልባት አፍዝ አደንግዝ የሚባለው ነገር ትዝ ይለው ይሆናል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። አፍዝ አደንግዝ ሰውን ሳያውቅና ሳይወድ አፍዝዞ ፈቃዱን ይነጥቃል ተብሎ የሚፈራ ነገር ነው፤ ሂፕኖቲዝም ግን ሰውየው ራሱ ሐሳቡን ሰብስቦ ካልተባበረ በቀር የማይሆን ነው። የአእምሮን የኤሌክትሪክ ሞገድ መመዝገብ ከተቻለ ወዲህ፤ ማለት ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ግኝቱን በ1929 ካሳተመ በኋላ፤ በሂፕኖቲዝም ውስጥ ያለ ሰው የአእምሮው ሞገድ የተኛ ሳይሆን የነቃ ሰው ሞገድ እንደሚመስል ተረጋግጧል።

በፈረንሳይ አገር በናንሲ ከተማ ሊዬቦ የተባለው ትሑት ሐኪም ሕመምተኞቹን በጸጥታ እያነጋገረ፤ የዐይንህ ቆብ ከበደ፣ ሰውነትህ ላላ፣ ዛሬ ማታ በሰላም ትተኛለህ እያለ ያክም ነበር። በ1866 የጻፈው መጽሐፍ ለብዙ ጊዜ ሰሚ አላገኘም። በ1882 ግን የዩኒቨርሲቲው መምህር በርንሃይም ሥራውን በዐይኑ አይቶ ደጋፊው ሆነ። በፓሪስ የነበረው ስመ ጥሩ ሐኪም ሻርኮ ሂፕኖቲዝም የሂስቴሪያ በሽታ ምልክት ነው ሲል፤ የናንሲ ሊቃውንት ግን በጤነኛ ሰው ላይም የሚሠራ የቃል ኀይል ነው አሉ። በክርክሩ ያሸነፉት የናንሲዎቹ ናቸው።

የሊዬቦን ትምህርት ከተከታተሉት አንዱ ኤሚል ኩዌ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። መድኃኒቱን እያመሰገነ ሲሸጠው የበለጠ እንደሚያሽል አስተውሎ፤ ሰው ለራሱ በሚናገረው ቃል ራሱን ሊረዳ እንደሚችል አስተማረ። ስለ እንቅልፍ ያስተማረው ግን ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ነው። እንቅልፍ የራቀው ሰው ልተኛ እያለ በታገለ መጠን ይበልጥ ይነቃል፤ ሳይታገል ጸጥ ብሎ ሲጋደም ግን እንቅልፍ ራሱ ይመጣል አለ። ንጉሥ አርጤክስስ ያቃተው ነገር ምክንያቱ እነሆ በዚህ ተገለጠ፤ እንቅልፍ ሲጠብቁት የሚመጣ እንጂ ሲያዙት የሚታዘዝ አይደለም።

ነገር ግን ሰው ትዕግሥት ከሚጠይቅ ነገር ይልቅ በአንድ ጉንጭ የሚዋጠውን ይመርጣል። በ1869 በበርሊን ሊብራይሽ ክሎራል የተባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት አስተዋወቀ፤ በ1903 ፊሸርና ፎን ሜሪንግ ቬሮናልን አወጡ። ሁለቱም አስተኙ፤ ሁለቱም ደግሞ ልማድና ሞት አስከተሉ። እንግሊዛዊው ሠዓሊና ባለቅኔ ሮሴቲ እንቅልፍ ለማግኘት የጀመረው ክሎራል እስከ ሞቱ ጊዜ እስከ 1882 ድረስ አልለቀቀውም። ከሁሉ የከፋው በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለሽያጭ የቀረበው ታሊዶማይድ ነው። ጉዳት የሌለው የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒት ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር፤ እርጉዞችም ወሰዱት። በኅዳር 1961 ከገበያ እስኪነሣ ድረስ በልዩ ልዩ አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም ሌላ ጉዳት ደርሶባቸው ተወለዱ። አንዲት እናት በሰላም ልተኛ ብላ የዋጠችው ክኒን በልጇ ዕድሜ ሁሉ ላይ ፈረደ። ጉዳት የለውም የሚለው ቃል ያለ ብርቱ ምርመራ መነገር እንደሌለበት ዓለም የተማረው በዚህ ዋጋ ነው።

ከዚህ በኋላ የሕክምና ሊቃውንት ወደ ሰውየው ልቡናና ልማድ ተመለሱ። የብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካውም በ1958 ሂፕኖቲዝም በሠለጠነ ሐኪም እጅ ሲሆን ተገቢ የሕክምና መሣሪያ መሆኑን ተቀበሉ። ቀደም ሲል በ1929 ጄኮብሰን ጡንቻን በየተራ አጥብቆ የማላላትን ዘዴ፣ በ1932 ደግሞ ሹልትስ ከሂፕኖቲዝም የመነጨ ራስን የማረጋጋት ልምምድ አሳትመው ነበር። ቡትሲን በ1972 አልጋ ለእንቅልፍ ብቻ እንዲሆን፤ እንቅልፍ እምቢ ሲልም ከአልጋ ተነሥቶ ድካም እስኪመጣ መቆየት እንደሚገባ አስተማረ። እነዚህ ትምህርቶች ተጣምረው የተሠራው የሐሳብና የልማድ ሕክምና በ2016 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለቈየ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት የሚሰጥ የመጀመሪያ ሕክምና እንዲሆን የመከረው ነው።

ስለ ዕፀዋት የምንለው ይህ ነው። በአውሮፓ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው የቫሌሪያን ሥር ለእንቅልፍ ስለ መርዳቱ የተደረጉት ምርመራዎች አልተስማሙም፤ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚም በ2017 ለእንቅልፍ ማጣት እንዲታዘዝ አልደገፈም። ሞቅ ያለ የካሞሚል መጠጥ ልብን ቢያረጋጋ መልካም ነው፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ ግን ሊጣልበት አይገባም። ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ዕፅ አገራችን ለዓለም ያበረከተችው ቡና ነው። ጀርመናዊው ሩንገ በ1819 ከቡና የለየው ካፌይን፤ በአእምሮ ውስጥ የድካምን ስሜት የሚያመጣውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ይከለክላል። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ቡና የጠጣ ሰው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይም የካፌይኑ እኩሌታ ገና በደሙ ውስጥ ነው። ቡናችንን እንተው አንልም፤ የጨዋታና የፍቅር ማዕዳችን ነውና፤ እንቅልፍ ለሚያስቸግረው ሰው ግን ሦስተኛውን ስኒ ከቀትር በፊት መጠጣት ከቫሌሪያን ሥር የተሻለ የተፈጥሮ መድኃኒት ይሆነዋል።

እንግዲህ ከዚህ ረጅም ታሪክ የምናገኘው ፍሬ ምንድን ነው? ሰው እንቅልፉን የሚሰጠው ኀይል አንድ ጊዜ በመቅደስ፣ አንድ ጊዜ በማይታይ ፈሳሽ፣ አንድ ጊዜም በክኒን ውስጥ ይገኛል ብሎ ከውጭ ሲፈልገው ኖረ። ምርመራው እየጠራ በሄደ ቍጥር ግን ኀይሉ በራሱ በሰውየው ውስጥ ተገኘ። በየማለዳው በአንድ ሰዓት መነሣት፣ አልጋን የሥራና የጭንቀት ስፍራ አለማድረግ፣ ሰውነትን ማላላት፣ ከእንቅልፍ ጋር አለመታገል፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ትዕግሥት ግን የሚጠይቅ መድኃኒት ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት የዘለቀበት፣ በእንቅልፉም ትንፋሽ የሚቈራረጥበት ሰው ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል፤ ምክንያቱ ሌላ ደዌ ሊሆን ይችላልና። የቀረነው ግን ማታ መብራቱን ስናጠፋ የቀኑን ሥራ ለቀኑ ትተን፤ እንቅልፍን እንደ ሎሌ ከመጥራት ይልቅ እንደ እንግዳ በራችንን ከፍተን ብንጠብቀው ይሻለናል።