ከላይ ጥላ፣ ከሥር ባዶ፦ የካፋ የቡና ደንና የመሬት አጠቃቀም ዕቅዳችን

በካፋ ደን ውስጥ አንድ ጅረት መሻገር ብዙ ያሳያል። ከወዲህ ሐረግ የተጠላለፈበት፣ ፀሐይ የማይደፍረው፣ ኮረሪማና ጥምዝ ከጥላው ሥር የሚበቅሉበት ጫካ አለ። ከወዲያ ደግሞ ከሥሩ የተመነጠረ፣ ወፍ ዘራሽ ቡና ጥቅጥቅ ብሎ የቆመበት፣ ከላይ ሰሳ፣ ዋንዛና ብርብራ ስስ ጥላቸውን የጣሉበት መሬት። ካርታ ላይ ሁለቱም አንድ ቀለም ተቀብተዋል፤ ሁለቱም «ደን» ይባላሉ። የዚህ መጣጥፍ ሙግት ከዚያ አንድ ቀለም ጋር ነው። ዕቅዳችን ደንን በሔክታር ብቻ እየቆጠረ እስከቀጠለ ድረስ፣ የብዝኀ ሕይወት ጥበቃን በመሬት አጠቃቀምና በደን ዕቅድ ውስጥ ማካተት የሚባለው ነገር ከሰነድ መግቢያ አያልፍም።

የቆጠራው መነሻ የደን ትርጉም ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በምትሠራበት ትርጉም፣ ቢያንስ 0.5 ሔክታር ስፋት ኖሮት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ያለው ዛፍ ወይም ቀርከሃ የቆመበት መሬት ደን ነው። ቁመቱ ከ5 ሜትር ወደ 2 ዝቅ ያለው የቆላው ደረቅ ደን እንዳይቀር፣ ሽፋኑ ከ10 ወደ 20 በመቶ ከፍ ያለው ደግሞ እጅግ የተራቆተው እንዳይገባ ነው። ለካርቦን ስሌት ይህ ምክንያታዊ ነው፤ ቅሬታዬ ለሌላ ሥራም መዋሉ ላይ ነው። በዚህ መስፈርት የውሽውሽን ሻይ እርሻ የከበበው ባሕር ዛፍና ከማዶ ያለው የአገር በቀሉ ቀረሮ ደን እኩል ናቸው።

ባሕር ዛፉን ማንም ይለየዋል። የሚያሳስተው የቡናው ደን ነው። ገበሬው ለቀማ ከመድረሱ በፊት በዓመት አንዴ ገጀራና ማጭድ ይዞ ይገባል። ቁጥቋጦውን፣ ሐረጉን፣ ከቡናው ጋር የሚሻማውን ለጋ ዛፍ ሁሉ ያነሣል። ጥላው ከብዶ ካገኘው ከትልልቆቹም ጥቂቱን ይጥላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በተዘጋ ደን ውስጥ ያለ ቡና የሚሰጠው ፍሬ እፍኝ አይሞላም። «ደኑን አልነካሁትም» ቢልም አልዋሸም፤ ዛፉ ቆሟል። የሚጠፋው ተተኪው ነው። አውራ ጣት የሚያህል የቀረሮ ችግኝ በገጀራው ፊት ከቁጥቋጦ አይለይም። ዛሬ ጥላ የሆነው ሽማግሌ ዛፍ ሲወድቅ ቦታውን የሚወርሰው፣ ገበሬው ለቡናው ይስማማል ብሎ ያተረፈው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የዝርያ ቆጠራም ብቻውን አያድንም። ክሪስቲነ ሽሚት፣ ፈዬራ ሰንበታና ባልደረቦቻቸው በቦንጋ አካባቢ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ሥራ ይህን ያሳያል፦ ለቡና በተመነጠረው ደን ውስጥ የተቆጠሩት የዕፅዋት ዝርያዎች ካልተነካው ይልቅ በዝተው ተገኙ። የበዙት ግን ብርሃን ሲገባ አብረው የሚገቡት፣ በየመንገዱ ዳርና በየማሳው የምናውቃቸው አረሞች ነበሩ፤ የደኑ ተወላጆች ቀንሰዋል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው «ስንት ዝርያ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስደስት፣ ግን የሚያታልል መልስ ያገኛል። መጠየቅ ያለበት «የትኛው ቀረ?» ብሎ ነው።

ገተማን እንውሰድ። የአካባቢው ስመ ጥር ነጭ ማር የሚገኘው ከዚህ ዛፍ አበባ ነው። ገተማ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን መሬት ላይ አይጀምርም፤ ዘሩ በሌላ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ በተጠራቀመ ብስባሽ መካከል በቅሎ ሥሩን ወደታች ይሰድዳል። ያረጁ ግዙፍ ዛፎች በሌሉበት ደን ነገ ገተማ አይኖርም፤ ነጩም ማር እንደዚያው። ይህን ንብ አናቢው ያውቀዋል። በካፋና በሸካ «ኮቦ» በሚባለው ልማድ የደኑ ክፍል ባለቤት አለው፤ ቀፎ መስቀል የሚችለው እሱ ነው፣ ዛፎቹንም አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ልማዱ ሕጋዊ መሠረቱን ቢያጣም ከሰው አእምሮ አልጠፋም። የቀበሌ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲዘጋጅ ጂፒኤስ ይዞ ወሰን ከሚዞረው ባለሙያ ጎን ባለ ኮቦው ቢቆም ኖሮ፣ የካርታው አንድ ቀለም በግማሽ ቀን ውስጥ ሦስትና አራት ይሆን ነበር።

የሕግ እጥረት አለብን ማለት አልችልም። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከግልና ከመንግሥት ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን ያውቃል። ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግበዋል፤ እያንዳንዱም ጥብቅ፣ መከለያና የልማት ቀጣና አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደቀው የኩንሚንግ ሞንትሪያል ዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት ማዕቀፍም የመጀመሪያ ግቡን ያደረገው ብዝኀ ሕይወትን ያካተተ የመሬት ዕቅድን ነው። ችግሩ የሥራ መለኪያው ላይ ነው። የቡናው ባለሙያ በኩንታል ይገመገማል፣ የደኑ ባለሙያ በሔክታር። በመከለያው ቀጣና ሁለቱም በአንድ ዓመት «ዕቅዴን አሳክቻለሁ» ብለው ሪፖርት ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ደኑ ግን በዚያው ዓመት አንድ ትውልድ ችግኝ አጥቷል።

የሚጠፋው ዛፍ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ መድኃኒቱ የተገኘው ከዚሁ ምድር ነው፤ የጅማ ተመራማሪዎች ከኢሉባቦር ቡናዎች መካከል በሽታውን የሚቋቋሙትን ለቅመው 74110ንና 74112ን አወጡ። የቁጥሮቹ መጀመሪያ 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ዛሬ እነዚሁ የተመረጡ ዝርያዎች ተመልሰው በደን ውስጥ እየተተከሉ ከዱር ቡናው ጋር ይዳቀላሉ፤ የመድኃኒቱ ምንጭ በራሱ በመድኃኒቱ ሊበረዝ ነው። ዓረቢካ በዱር ይዞታው ለመጥፋት በተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ መግባቱን ስንቶቻችን ቡና እየጠጣን አስበነዋል?

«ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ይከፈለው፣ ደኑን ራሱ ይጠብቃል» የሚል ሙግት አለ፤ ማስረጃም አያጣም። በለጠ-ገራ በተባለው ደን ታካሃሺና ቶዶ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ባደረጉት ጥናት፣ የደን ቡና ሰርተፊኬት ባገኙ ቦታዎች የደኑ ጥራት ካላገኙት በተሻለ ተጠብቆ አግኝተውታል። ውጤቱን እቀበላለሁ። ሆኖም ሳተላይት የሚያየው ከላይ ያለውን ቅጠል ነው። የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችም ከላይ ሲታዩ ያማሩ ነበሩ፤ ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴና ሌሎች ከሥር ገብተው ሲያዩ ግን ከብት ችግኙን እየበላና እየረገጠ ተተኪ አሳጥቷቸው ነበር። እዚያ የድንጋይ ካብ ከብቱን አስቀረ። በቡናው ደን ግን ገጀራውን በካብ አናግደውም፤ ባለገጀራው የደኑ ባለቤትም ጠባቂም ነውና።

ስለዚህ ዕቅዱ ወደ ምንጣሮው መውረድ አለበት። የቡናው ደን በካርታው ላይ ከተዘጋው ደን ተለይቶ የራሱን ቀለም ይያዝ። በእያንዳንዱ ይዞታ ከፊሉ በየተራ ለጥቂት ዓመታት ሳይመነጠር ይደር፤ ተራውም በደን ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። የጅረት ዳር ዳሩ ጭራሽ አይነካ፤ የተቆራረጠውን ደን የሚያያይዘው እሱ ነው። ክትትሉ ደግሞ በጥቂት ምልክት በተደረገባቸው ቦታዎች የቀረሮንና የመሰሎቹን ችግኝ በየዓመቱ መቁጠር ቢሆን ይበቃል፤ ለዚህ የቀበሌው ወጣቶች ገመድና ደብተር እንጂ ሳተላይት አያስፈልጋቸውም።

ወጪው ግን አለ፣ ልንደብቀውም አይገባም። ሳይመነጠር ባደረው ክፍል ገበሬው የሚያጣው ቡና አለ። ሰርተፊኬት በሌለበት፣ ችግኝ ያተረፈውም ሁሉን የጠረገውም ቡናቸውን ለአንድ ነጋዴ ያቀርባሉ። ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ኪሎው ይነበባል፣ ሁለቱም በአንድ ዋጋ ሒሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ።