ድንበር ላይ የሚዘጋው ሬዲዮ

የከባድ መኪና ሾፌሮች በመገናኛ ሬዲዮ ሲጠራሩ በፊልም ያላየ ያለ አይመስለንም። አንዱ ፖሊስ የት እንዳደፈጠ ይናገራል፣ ሌላው ነዳጅ የት እንዳለ ይጠይቃል፣ ሁሉም በቅጽል ስም ነው። ፊልሞቹ የማያሳዩን ግን ያቺ ትንሽ ሣጥን ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ፈቃድ ብቻ የምትያዝ ዕቃ እንደነበረች ነው። ሾፌሩ ድንበር ሲሻገር ደግሞ ጣጣው ይብሳል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአሜሪካ ነው። «ሲቢ» የተባለው የዜጎች ሬዲዮ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለተራው ሰው የተከፈተው በ1958 ነበር። ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፣ ሲያወሩም የተሰጠውን መለያ መጥራት ያስፈልጋል። በ1973 መጨረሻ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ሲጥሉ፣ በጥር 1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፍጥነት ጣሪያውን በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። በማይል ለሚከፈለው ሾፌር ዝግ ማለት ከኪሱ መጉደል ነው። ስለዚህ ሬዲዮውን ገዛ። ነዳጅ ያለበትን ማደያ ለመጠቆም፣ ከፖሊስ ለመሸሽ፣ አድማ ለመጥራትም ጭምር ተጠቀመበት። ታዲያ ከፖሊስ የሚሸሽ ሰው መለያውን በአየር ላይ ይጠራል እንዴ? ቅጽል ስም ይሻለዋል።

መንግሥት የማመልከቻውን ጎርፍ መቋቋም አቃተው። የፈቃዱን ክፍያ በ1975 ከ20 ዶላር ወደ 4 ዶላር አወረደ፣ በ1977 ጭራሽ ተወው፣ በ1983 ደግሞ ፈቃዱን ራሱን አስቀረ። ሽንፈት ነው፤ ግን በእኛ ግምት ብልህ ሽንፈት ነው። ከካናዳ ጋር በነበረው ድንበርም ቢሆን መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎ ነበር። ሁለቱ አገሮች በ1951 ኦታዋ ላይ በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት፣ ተሻጋሪው ተመዝግቦ የይለፍ ፈቃድ ካገኘ የመኪናውን ሬዲዮ በጎረቤት አገር መጠቀም ይችል ነበር።

ወደ ብሪታንያ ስንሻገር ግን ታሪኩ ይወሳሰባል። እዚያ በ1968 የወጣ ድንጋጌ እነዚህን ሬዲዮዎች ማምረትንም ከውጭ ማስገባትንም ከልክሏል። ክልከላው ማንንም አላቆመም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ዕቃ በድብቅ እየገባ፣ ሕገ ወጡ ወሬ በየመንገዱ ደራ። ባለሥልጣናቱ ሰበብ ነበራቸው። ሞገዱ የጎረቤትን ቴሌቪዥን ይረብሻል፣ በርቀት የሚነዱ የመጫወቻ አውሮፕላኖችም የሚሠሩት በዚያው ሞገድ ላይ ነው። በ1980 «እሺ፣ 928 ሜጋኸርዝ ውሰዱ» አሉ። ተጠቃሚዎቹ ዋጋው ውድ፣ ርቀቱም አጭር ይሆናል ብለው አልተቀበሉም። ሰልፍ ወጡ፣ ጮኹ፣ በመጨረሻም ኅዳር 2 ቀን 1981 ሬዲዮው ሕጋዊ ሆነ። ፈቃዱ 10 ፓውንድ፣ የሚሸጠው ፖስታ ቤት።

መንግሥት ግን ሲሰጥ እንኳ በገዛ ራሱ መንገድ ነው የሰጠው። ቻናሎቹ እንደ አሜሪካ 40 ናቸው፤ ነገር ግን ከ27.6 ሜጋኸርዝ በላይ ተደረደሩ። የአሜሪካም፣ አውሮፓውያኑ የተከተሉትም ድርድር ከ26.965 እስከ 27.405 ነው። በዚያ ላይ የተፈቀደው የድምፅ አላላክ ኤፍኤም ብቻ ሲሆን፣ በድብቅ የገባው የአሜሪካ ዕቃ ኤኤም ነው።

እስቲ አስቡት። 10 ፓውንዱን ከፍሎ፣ ሕጋዊ ዕቃ ገዝቶ፣ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ከማንችስተር የተነሣ ሾፌር ዶቨር ላይ መርከብ ይሳፈራል። ካሌ ሲወርድ ሬዲዮው ደንቆሮ ነው፤ የፈረንሳዩም የጀርመኑም ወሬ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ማውራት ከጀመረ ደግሞ በዚያ አገር ለዚህ ጉዳይ ባልተፈቀደ ሞገድ እየላከ ነው። የቀድሞውን ኮንትሮባንድ ዕቃ ያልጣለው ጓደኛው ግን፣ ከ1975 ጀምሮ ኤኤም የተፈቀደላቸውን ጀርመኖች ጥርት አድርጎ ይሰማል። ሕግ ያከበረው ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

ብሪታንያ የአውሮፓን ቻናሎች የጨመረችው በ1987 ነው። ፈቃዱን ያነሣችው በ2006፣ ኤኤምን የፈቀደችው በ2014። በመካከሉ በ2011 የአውሮፓ የቴሌኮም አስተዳደሮች ኮሚቴ ባወጣው ውሳኔ ሬዲዮው ያለ ግል ፈቃድ ከአገር አገር እንዲዘዋወር መንገድ ተከፈተ። ያን ጊዜ ሾፌሩ እጅ ላይ ሞባይልና ናቪጌተር ነበር። አሜሪካ ትራክ የሚነዳ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት፤ ሲነዳ ሙሉ ሌሊት የሚያወራው በስልክ ነው።

ወረቀቱ ከተነሣ በኋላም ያልተነሣ ነገር ነበር። የፖላንድ ሾፌሮች ለረጅም ዓመታት ቻናሎቻቸውን ከሌላው አውሮፓ በ5 ኪሎኸርዝ ዝቅ አድርገው ነው የተጠቀሙት። የእነሱ 19ኛ ቻናል 27.180 ሲሆን የሌላው 27.185 ነው። ኦደር ወንዝን ተሻግሮ ጀርመን የገባ ፖላንዳዊ መደወያውን ካላስተካከለ የሚሰማው የተበላሸ ድምፅ ነው። ቢያስተካክለውም የአገሩን ሰው 19 ላይ ሲጠብቅ፣ ጀርመኖቹ ሾፌሮች 9ኛው ቻናል ላይ ተሰብስበው ያወራሉ።