የደቻቱ ውኃና የዳገቱ ቁጥቋጦ



ደቻቱ ከዚራንና መጋላን ለይቶ በድሬዳዋ መካከል የሚያልፍ፣ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው። ውኃው የሚመጣው በስተ ደቡብ ካለው ከደንገጎ ዳገት ነው። በዚያ ቁጥቋጦ እየመነጠሩ ማሽላ መዝራት የቆየ ነገር ነው፤ መሬት የጠበበውን ገበሬ በዚህ መውቀስ ይከብዳል።

በሐምሌ 1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ የበለጠ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከለከለ። ክልከላው የሚከብደው በላይኛው ገበሬ ላይ፣ ጥቅሙ የሚደርሰው ግን ለታችኛው ከተማ መሆኑን ልብ ይሏል። ደግሞም የተራቆተ ዳገት በአንድ ክረምት አይለብስም።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፣ የደጋው ዝናም በተራቆተው ዳገት ላይ ወረደ፤ ደቻቱም ግራ ቀኙን ጥሶ በእንቅልፍ ላይ የነበሩትን ቤተ ሰቦች ጠረገ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።