ሰማያዊው ሄንሪክ፦ የኪስ አክታ መትፊያ ጠርሙስ

ሰማያዊ ብርጭቆ፣ የብረት ክዳን። ጀርመን፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ።

ዶክተር ፒተር ዴትቫይለር ይህን ዓይነት ጠርሙስ እ.ኤ.አ. በ1889 ያስተዋወቁት ፍራንክፈርት አቅራቢያ ፋልከንሽታይን ውስጥ ለሚያክሟቸው የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሕሙማን ነበር። ሐኪሙ ራሳቸውም በዚሁ በሽታ ተይዘው ታክመዋል። የላይኛው ክዳን በስፕሪንግ ይከፈታል፤ ሳል የያዘው ሰው ይተፋበትና ዘግቶ ኪሱ ይከተዋል። የታችኛው ክዳን ተፈትቶ ጠርሙሱ ይታጠባል።

ሮበርት ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ በርሊን ላይ ይፋ ካደረጉ ያኔ ገና 7 ዓመታቸው ነበር።

ባክቴሪያው ሳንባ ሲገባ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ይውጡታል። ሰም መሰል ሽፋን ስላለው ግን በቀላሉ አይሞትም፤ እዚያው በዋጠው ሴል ውስጥ ይራባል። ሰውነትም ዙሪያውን በሌሎች ሴሎች ያጥረዋል። አብዛኛው ሰው ላይ ነገሩ በዚህ ያበቃል። አጥሩ ሲፈርስ ግን መሃሉ ያለው የሞተ ሥጋ እንደ አይብ ይፈረፈርና ወደ አየር ቧንቧ ይፈሳል፤ ሳንባውም ይቦረቦራል። ጠርሙሱ ውስጥ ይተፋ የነበረው ይኸው ነው። ለጉዳቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም የባክቴሪያው መርዝ ሳይሆን ሰውነት ራሱ የከፈተው ውጊያ ነው።

በዘመኑ አጥብቆ ይፈራ የነበረው ደርቆ አቧራ የሆነ አክታ ነው። ቲቢ በዋናነት የሚተላለፈው ግን በሳልና በንግግር ጊዜ ከአፍ በሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎች ስለሆነ፣ ጠርሙሱ የሚከላከለው ጥቂቱን ብቻ ነበር። ባክቴሪያውን የሚገድለው የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው።